የቁጠባና ብድር ማኅበራችሁ መክፈል ሲያቅተው፦ አባላት ተደራጅተው ገንዘባቸውን የሚያስከብሩበት አሠራር

የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ችግር ውስጥ መግባቱ መጀመሪያ የሚታየው በገንዘብ መክፈያው መስኮት ላይ ነው። ቀድሞ በተጠየቀበት ቀን ይከፈል የነበረው የፍላጎት ቁጠባ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ይባልበታል፤ ብድር የተፈቀደለት አባል ቼኩን ሳያገኝ ወራት ያልፋሉ፤ በየዓመቱ ይጠራ የነበረው ጠቅላላ ጉባኤ ያለ በቂ ምክንያት ይተላለፋል፤ ስለ ኦዲት ሪፖርት የጠየቀ ሰው «ገና አልተጠናቀቀም» ከሚል መልስ በቀር የሚያገኘው የለም። ይህ መመሪያ እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ ገንዘባቸው ለተያዘባቸው ቆጣቢዎች የተጻፈ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እንደሚደረግ፣ አባላት እንዴት እንደሚሰባሰቡ፣ ጥያቄያቸውንም ለማን በምን መልክ እንደሚያቀርቡ ያስረዳል።

ወደ ሥራው ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በ2013 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 482 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና የሚሰጠው በባንኮችና በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ገንዘብ ላስቀመጡ ሰዎች ነው፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተቀመጠ ቁጠባ በዚህ ሽፋን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከውጭ መጥቶ የጎደለውን የሚሞላ ፈንድ እንዳለ አድርጎ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ እያንዳንዱ አባል በቁጠባው የማኅበሩ ባለገንዘብ፣ በዕጣው ደግሞ የማኅበሩ ባለቤት መሆኑ ነው። ከቁጠባችሁ አብዛኛው ያለው በካዝና ሳይሆን በሌሎች አባላት እጅ፣ በብድር መልክ ነው። ማኅበሩ ተናወጠ ሲባል ተበዳሪዎች መክፈል ካቆሙ፣ የማኅበሩ ጉድለት ከመጀመሪያው ጥፋት በላይ ይሰፋል። በእኔ እምነት የተደራጁ ቆጣቢዎች ቀዳሚ ተግባር መዝገቡ እንዳይጠፋና የብድር ክፍያው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው፤ አቤቱታና ክስ የሚጠቅሙትም ይህን እስከረዱ ድረስ ነው።

1. የራሳችሁን ማስረጃ ሰብስቡ

የቁጠባ ደብተራችሁን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን ለማንም አታስረክቡ። «ለማመሳከር ነውና ደብተራችሁን ትታችሁ ሂዱ» ብትባሉ፣ እዚያው ቆማችሁ እንዲያመሳክሩ ወይም በኮፒው እንዲሠሩ ጠይቁ። ደብተሩን ስትመለከቱ መደበኛው ቁጠባ፣ የፍላጎት ቁጠባውና ዕጣው ተለያይተው መመዝገባቸውን፣ በእያንዳንዱ ገቢ ትይዩ የገንዘብ ተቀባዩ ፊርማ መኖሩን፣ ወለድም በየዓመቱ መታሰቡን አረጋግጡ። በተለይ ዕጣና ቁጠባ ተደባልቀው በአንድ ዓምድ የተጻፉበት ደብተር ካለ በቶሎ መታረም አለበት፤ ቁጠባ ማኅበሩ ለእናንተ ያለበት ዕዳ ሲሆን ዕጣ ግን ካፒታል ነው፤ ኪሳራ ሲደርስ ቀድሞ የሚነካውም ዕጣው ነው።

ቁጠባው ከደመወዝ ተቆርጦ ለማኅበሩ የሚተላለፍላችሁ ከሆነ፣ የየወሩን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። አሠሪው ከደመወዛችሁ ቀንሶ ለማኅበሩ ያላስተላለፈው ወር ከተገኘ፣ ያ ገንዘብ ከአሠሪው የሚጠየቅ ነውና ጥያቄውም ለአሠሪው መቅረብ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ እያንዳንዱ አባል በስሙ የሚገኘውን የቁጠባና የዕጣ መጠን የሚገልጽ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት የሂሳብ መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህ ወረቀት ሁለት ጥቅም አለው። የመጀመሪያው፣ ደብተሩና የማኅበሩ መዝገብ ይለያዩ እንደሆነ ከወዲሁ ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ ከይርጋ፣ ማለትም መብትን ለመጠየቅ በሕግ ከተወሰነው የጊዜ ገደብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በመርሕ ደረጃ በ10 ዓመት፣ በቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ የካሳ ጥያቄ ደግሞ በ2 ዓመት ይታገዳል። ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ የይርጋውን ዘመን አቋርጦ እንደ አዲስ እንዲቆጠር ስለሚያደርግ፣ ማኅበሩ «ይህን ያህል ቁጠባ አለዎት» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለው። የ2 ዓመቱ ገደብ አጭር መሆኑን ግን ልብ በሉ፤ ጥፋት አድርሰዋል የምትሏቸውን ኃላፊዎች በግል በካሳ ለመጠየቅ የምታስቡ ከሆነ ሽምግልናው እስኪያልቅ መቀመጥ መብቱን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

2. የችግሩን ዓይነት በቁጥር ለዩ

«ማኅበሩ ከሰረ» የሚለው ወሬ ፈጥኖ የሚዛመት ቢሆንም፣ ገንዘብ ለጊዜው በእጁ የሌለው ማኅበርና ሀብቱ ከዕዳው ያነሰ ማኅበር በጣም ይለያያሉ። ልዩነቱን ለማየት የሚከተለውን ምሳሌ ተመልከቱ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተቀመጡ ናቸው።

አንድ ማኅበር ከአባላቱ 30 ሚሊዮን ብር ቁጠባ፣ 6 ሚሊዮን ብር ዕጣ፣ በየዓመቱ ከትርፍ የተጠራቀመ 2 ሚሊዮን ብር መጠባበቂያ አለው እንበል፤ ድምሩ 38 ሚሊዮን ነው። ይህ ገንዘብ የት እንዳለ ሲታይ 32 ሚሊዮኑ በብድር ተሰጥቷል፣ 2 ሚሊዮኑ በባንክ አለ፣ 4 ሚሊዮኑ በቢሮ ዕቃና በተሽከርካሪ ላይ ውሏል። ከብድሩ ውስጥ 9 ሚሊዮን ብር የሚሆነው ከዓመት በላይ ሳይከፈል ቆይቷል። ቆጣቢዎች ሁሉ በአንድ ቀን ቢመጡ በባንክ ያለው 2 ሚሊዮን ብር ከ15ቱ ብር ለአንዱ ብቻ ይበቃል፤ ይህ ግን በራሱ ማኅበሩ ከስሯል አያሰኝም። አሁን ያ 9 ሚሊዮን ብር ጭራሽ የማይመለስ ቢሆን፣ መጠባበቂያውና ዕጣው 8 ሚሊዮኑን ይሸከማሉ፤ የቀረው 1 ሚሊዮን ከቁጠባው ይጎድላል፤ ይህም ከአንድ ብር 3 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን ከ9ኙ ሚሊዮን 5ቱን ማስመለስ ቢቻል ኪሳራው 4 ሚሊዮን ይሆናል፤ መጠባበቂያው ያልቃል፣ ከዕጣው አንድ ሦስተኛው ይጎድላል፣ ቁጠባው ግን ሙሉ በሙሉ ይድናል። የተቀረው 23 ሚሊዮን ጤናማ ብድር በሥርዓቱ እስከተከፈለ ድረስ የባንኩም ሂሳብ በየወሩ ይሞላል።

የእናንተን ማኅበር ቁጥሮች በዚሁ መልክ በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። ለመነሻ የሚያስፈልገው የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት ነው፤ ባለፉት ዓመታት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተበተኑት ቅጂዎች ውስጥ ከአባላት በአንዱ ቤት መገኘቱ አይቀርም። ሪፖርቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያለፈው ቢሆንም አትናቁት፤ ቢያንስ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ለመጠየቅ ያስችላል።

3. ጊዜያዊ ኮሚቴ አቋቁሙ

ለመጀመሪያው ስብሰባ 20 ወይም 30 ሰው ይበቃል። ከየመሥሪያ ቤቱ፣ ከየቀጠናው ወይም ከየገበያው ተራ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲገኝ አድርጉ፤ ስብሰባው የአንድ ቢሮ ሠራተኞች ብቻ የተገናኙበት ከሆነ ሌላው አባል የራሱ ጉዳይ አድርጎ አያየውም። በጉሊት የሚነግዱ እናቶችና የቀን ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ላይ መገኘት ስለማይችሉ ሰዓቱ በእነርሱ አመቺነት ይወሰን። በእድር ለቅሶ ሲነገር እንደሚደረገው ቤት ለቤት የሚዞር ሰው መመደብ በስልክ ከሚላክ መልእክት የተሻለ ውጤት ያመጣል፤ ብዙ አረጋውያን ቆጣቢዎች የሚደርሳቸው ይህ ብቻ ነው።

ከአምስት እስከ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመረጥ። አንድ የሂሳብ ትምህርት ወይም ልምድ ያለው፣ አንድ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል፣ አንድ በሠፈሩ የሚከበርና የተቆጡ ሰዎችን ማረጋጋት የሚችል ሰው በውስጡ መኖር አለበት። ብድሩን በወቅቱ ያልከፈለ አባል፣ ክፍያው ለተቋረጠ ብድር ዋስ የሆነ ሰው፣ እንዲሁም የሥራ አመራር ኮሚቴው አባላት የቅርብ ዘመድ በኮሚቴው ውስጥ ባይገቡ ይመረጣል፤ ጥሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ነገር ግን በኋላ ስለ ብድር ማስመለስ ውሳኔ ሲሰጥ ራሳቸውን ከሁለት ወገን ያገኙታል። ይህንኑ መስፈርት ስም ከመጠቆሙ በፊት በስብሰባው ላይ አጽድቁት፤ ከጥቆማው በኋላ ቢነሣ በግለሰቡ ላይ የተነጣጠረ ይመስላል።

ኮሚቴው ከማኅበሩ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከፈረሙለት አባላት ነውና የፊርማ መዝገቡን በጥንቃቄ አዘጋጁ፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የአባልነት ቁጥር፣ የቁጠባ መጠን፣ የዕጣ መጠን፣ ብድር ካለ ቀሪው ዕዳ፣ ስልክ፣ ፊርማ። የእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ «አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራና ኮሚቴው ጉዳያችንን እንዲከታተል የፈረምን» የሚለው ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፤ ርእስ በሌለው ባዶ ወረቀት ላይ የተሰበሰበ ፊርማ ለምን እንደተፈረመ ማስረዳት ያስቸግራል።

ለፎቶ ኮፒ፣ ለትራንስፖርትና ለጠበቃ ምክር የሚሆን መዋጮ መሰብሰቡ የማይቀር ነው። መዋጮው አነስተኛና ለሁሉም እኩል ይሁን፣ በደረሰኝ ይሰብሰብ፣ በሦስት ሰዎች የጋራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ወጪውም በየወሩ ለአባላት ይነገር። ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዋጣ እጅግ ይጠራጠራል፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው።

ስለ ቴሌግራም ቡድን አንድ ነገር ላንሣ። ለስብሰባ ጥሪና ለማስታወቂያ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የደብተር ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒና የስልክ ቁጥር ዝርዝር እዚያ መለጠፍ የለበትም። ኃላፊዎችን በስም እየጠሩ «ሌባ» ማለትም ማስረጃ ቢኖር እንኳ በስም ማጥፋት ሊያስጠይቅ ከመቻሉ በላይ፣ የመዝገቡ ቁልፍ በእጃቸው ያለውን ሰዎች ወደ መደበቅ ይገፋል። በቡድኑ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ከኮሚቴው ጸሐፊ ብቻ እንዲሆን ወስኑ።

4. አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ በጽሑፍ ጠይቁ

የማኅበሩ የመጨረሻው ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ብዙ ዕጣ ያለውም ሆነ ጥቂት ዕጣ ያለው አባል አንድ ድምፅ አለው። ስለዚህ ትግሉ የሚጀመረው ከዚህ ነው። የመተዳደሪያ ደንቡን ቅጂ ያዙና አስቸኳይ ጉባኤ ለማስጠራት ከአባላት ምን ያህሉ መፈረም እንዳለባቸው ተመልከቱ፤ አንድ ሦስተኛ የሚል ደንብ የተለመደ ነው። ከሚያስፈልገው ቁጥር ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሰብስቡ፤ አንዳንድ ፊርማ ውድቅ መደረጉ አይቀርምና። ደንቡ ከጠፋ ማኅበሩን የመዘገበው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ቅጂ አለ።

ደብዳቤው በሚከተለው መልክ ቢጻፍ ጥሩ ነው፦

«ለ… የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራ ስለ መጠየቅ

ስማችንና የአባልነት ቁጥራችን ከዚህ ጋር በተያያዘው … ገጽ ዝርዝር የተገለጸው የማኅበሩ አባላት፣ ማኅበሩ ከ… ወር ጀምሮ የቁጠባ ተመላሽ በወቅቱ መክፈል ስላልቻለ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ … መሠረት አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራልን እንጠይቃለን። ጉባኤው እንዲወያይባቸው የምንጠይቃቸው አጀንዳዎች 1ኛ. የማኅበሩ የጥሬ ገንዘብ፣ የባንክና የብድር ሂሳብ ሪፖርት፤ 2ኛ. የኦዲት ሁኔታ፤ 3ኛ. የቁጠባ ተመላሽ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፈል፤ 4ኛ. አዲስ ብድር መስጠት ስለሚታገድበት ሁኔታ፤ 5ኛ. የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላትን ስለ መተካት ናቸው።

ግልባጭ፦ ለቁጥጥር ኮሚቴ፣ ለ… ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት»

አጀንዳዎቹ በደብዳቤው ላይ ተዘርዝረው መገኘታቸው አስፈላጊ ነው፤ በጥሪው ላይ ያልተገለጸ ጉዳይ በጉባኤው ቢወሰን በኋላ ውሳኔው ሊሻር ይችላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ወስዳችሁ አንዱን አስረክቡ፣ በሌላው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። አንቀበልም ከተባለ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይህንኑ መዝግባችሁ በአደራ ፖስታ ላኩት። የሥራ አመራር ኮሚቴው በደንቡ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ጉባኤውን ካልጠራ፣ የመዘገበው አካል እንዲጠራው ያንኑ ፋይል ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። በሰልፍ ድምፃችሁን ማሰማት የምትፈልጉ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል፤ እኔ ግን ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት ሰልፍ መውጣትን አልመክርም፤ ከጥቅሙ ይልቅ ተበዳሪው ክፍያ እንዲያቆም የሚሰጠው ምልክት ያይላል።

5. ኦዲትና ኢንስፔክሽን እንዲደረግ አመልክቱ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራትን የሚመዘግበው አካል ሂሳባቸውን በየዓመቱ እንዲመረምር ወይም እንዲያስመረምር፣ አሠራራቸውንም እንዲፈትሽ ኃላፊነት ይሰጠዋል። እንደ ማኅበሩ ስፋት ጉዳዩ የሚታየው በወረዳ፣ በክፍለ ከተማ፣ በክልል ወይም በፌዴራል ደረጃ ባለው የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ነው። ማመልከቻችሁ ሁለቱንም ለይቶ ይጠይቅ። ኦዲት ሂሳቡ ትክክል ነው ወይ የሚለውን ይመልሳል፤ ኢንስፔክሽን ደግሞ ብድሩ በደንቡ መሠረት ተሰጥቷል ወይ፣ ኮሚቴዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል ወይ የሚለውን ይመረምራል። ለኦዲተሩ ሥራውን የሚያቀሉ ነጥቦችን አስቀድሞ መስጠት ይቻላል፦ ለኮሚቴ አባላትና ለሠራተኞች የተሰጡ ብድሮች ዝርዝር፣ ጊዜው ሲያልፍ በአዲስ ብድር የተሸፈነ አሮጌ ብድር፣ የማኅበሩ የባንክ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር መመሳከሩ፣ በማኅበሩ ስም ተገዝቷል የተባለው ቦታ ወይም ቤት ካርታው በማን ስም እንዳለ። ምርመራው ሲጀመር ካዝናው በታዛቢ ፊት እንዲቆጠርና መዛግብቱ እንዲታሸጉ ጠይቁ።

መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻችሁን ተቀብሎ ዝም ካለ፣ አስተዳደራዊ በደልን ለሚመረምረው፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። የተቆጣጣሪውን ድርሻ መጠየቅ የትም አገር የታየ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1762 የተመሠረተው ኢኩዊተብል ላይፍ የተባለው በአባላቱ የተያዘ የመድንና የቁጠባ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ አዲስ ደንበኛ መቀበል ሲያቆም፣ የተጎዱት አባላት ተደራጅተው ጉዳዩን እስከ ፓርላማው እንባ ጠባቂ አደረሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሪፖርት የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችን ጥፋት አረጋገጠ፣ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2010 ለካሳ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ መደበ። ማኅበሩ አዲስ ደንበኛ መቀበል ካቆመበት እስከ ካሳው ውሳኔ 10 ዓመት ያህል ሄዷል፤ ብዙ አረጋውያን አባላት ይህን ሳያዩ አልፈዋል። ስለዚህ ይህን መንገድ ከሌሎቹ ጎን ለጎን ያዙት እንጂ ብቸኛ ተስፋ አታድርጉት።

6. በጉባኤው ቀን

በር ላይ አባላትን ከመዝገብ ጋር እያመሳከረ የሚያስፈርም ሰው ይመደብ፤ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ በቃለ ጉባኤው መጀመሪያ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ታዛቢ እንዲገኝ አስቀድሞ በደብዳቤ ይጠየቅ። ድምፅ በእጅ ማንሳት ሲሰጥ የደገፈ፣ የተቃወመና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገ ሰው ብዛት ሦስቱም ይመዝገብ፤ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚል ባዶ ዓረፍተ ነገር በፍርድ ቤት ብዙ አያራምድም።

ከውሳኔዎቹ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው የቁጠባ ተመላሽ ክፍያ ነው። ክፍያውን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ለሕክምናና ለለቅሶ ገንዘብ ያጣውን አባል ይጎዳል፤ ክፍት መተው ደግሞ ቀድሞ የደረሰውንና ከኃላፊዎች ጋር የሚተዋወቀውን ብቻ ይጠቅማል። የሚሠራው አማራጭ በየወሩ ከተሰበሰበው የብድር ተመላሽ ላይ የተወሰነ እጅ ለተመላሽ ክፍያ መድቦ፣ ለእያንዳንዱ አባል በወር እስከዚህ ብር የሚል እኩል ጣሪያ ማበጀት፣ ከዚያም ውስጥ ለሕክምና ማስረጃ ላቀረበ አባል ቅድሚያ መስጠት ነው። የተከፈላቸው ሰዎች የአባልነት ቁጥርና የተከፈለው መጠን በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

አዲስ ኮሚቴ ከተመረጠ የባንክ ፊርማ በዚያው ሳምንት መቀየር አለበት። ባንኩ ብዙውን ጊዜ የተፈረመበትን ቃለ ጉባኤና ከመዘገበው አካል የተጻፈ ደብዳቤ ስለሚጠይቅ፣ ሁለቱንም ጉባኤው በተጠናቀቀ ማግሥት አዘጋጁ። የድሮው ኮሚቴ ርክክብ በጽሑፍ ይሁን፤ የቼክ ደብተር ከነጉርዱ፣ ያልተሠራባቸው ደረሰኞች ከነተከታታይ ቁጥራቸው፣ የብድር ውሎች፣ የመያዣ ሰነዶች፣ የኮምፒውተር የይለፍ ቃል ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለባቸው።

7. ብድሩን አስመልሱ

ጊዜ ያለፈባቸውን ብድሮች በሦስት ክፈሉ፦ ሊከፍል የሚችልና የማይፈልግ፣ ሊከፍል የሚፈልግና ያቃተው፣ የጠፋ ወይም የሞተ። ለመጀመሪያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ቀጥሎም በዋሱ ላይ እርምጃ፣ ለሁለተኛው የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ውል፣ ለሦስተኛው የዋሶችና የወራሾች ጉዳይ ይከተላል። ማራዘሚያው አዲስ ብድር ሳይሰጥ፣ ዋሶቹ እንደገና ፈርመውበት መደረግ አለበት፤ ዋሶቹ ሳያውቁ ውሉ ከተለወጠ ዋስትናው ሊወድቅ ይችላል።

አብሮ ሊታሰብ የሚገባው የማቻቻል ጥያቄ ነው። ተበዳሪው «ቁጠባዬን ከዕዳዬ ጋር አቻችሉልኝ» ሲል በራሱ ደብተር ያለውን ቁጠባ ከሆነ ደንቡ በሚፈቅደው መጠን ተገቢ ነው። ከተቸገረ አባል ደብተር በግማሽ ዋጋ ገዝቶ ዕዳውን በሙሉ ዋጋ ለመዝጋት የሚሞክር ባለዕዳ ግን ሊከለከል ይገባል፤ ትርፉ የሚገኘው ከቀሩት ቆጣቢዎች ገንዘብ ነው። ጉባኤው የቁጠባ ማስተላለፍን ለጊዜው የሚያግድ ውሳኔ ቢያሳልፍ በሩ ይዘጋል። ለሌላ ሰው ዋስ በመሆናቸው ቁጠባቸው የተያዘባቸው አባላትም ተበዳሪውን ለማግባባት ከማንም በላይ ስለሚተጉ፣ የማስመለሱ ሥራ አካል አድርጓቸው።

8. ክርክርና የወንጀል አቤቱታ

በአባላትና በማኅበሩ መካከል የሚነሣ ክርክር በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጁ መሠረት መጀመሪያ በዕርቅ፣ ዕርቁ ካልሠመረ በግልግል ዳኝነት ይታያል፤ ይህን ደረጃ ዘሎ ፍርድ ቤት የገባ አባል መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ከመካከላቸው ጥቂቶች እንዲወክሏቸው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 38 ይፈቅዳል፤ የፊርማ መዝገባችሁ በዚህ ጊዜ ይጠቅማል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችሉ አባላት በደሃ ደንብ ክስ ለመመሥረት መጠየቅ ይችላሉ። የማኅበሩ ንብረት ሊሸጥ ወይም ሊተላለፍ ነው የሚል ተጨባጭ ሥጋት ካለ የዕግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ማመልከት አይዘግይ።

የገንዘብ ማጉደል ምልክት ከተገኘ ጉዳዩ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ መቅረብ አለበት። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግሉ ዘርፍ አካላትን «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ በሽፋኑ ውስጥ ስላስገባ፣ የቁጠባ ማኅበር ኃላፊዎች በዚህ ሕግ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ እድርና መሰል ባህላዊ ማኅበራት ግን ከትርጓሜው ውጭ ናቸው። አቤቱታችሁ የሚያያይዘው የሰነድ ዝርዝር ይኑረው፤ የትኛው ደረሰኝ ገቢ እንዳልተደረገ፣ የትኛው ቼክ በማን ስም እንደወጣ በቁጥርና በቀን ይጻፍ።

ውጭ አገር ሆነው የሚቆጥቡ አባላት በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና ለዘመድ ሊልኩ ይችላሉ፤ ውክልናው ሂሳብ ማጣራትን፣ ገንዘብ መቀበልንና ክስ መመሥረትን ለይቶ ይጥቀስ። በጉባኤ ድምፅ መስጠት ለወኪል መፈቀድ አለመፈቀዱ ግን ከመተዳደሪያ ደንቡ አስቀድሞ መታየት አለበት።

9. ማኅበሩ የማይቀጥል ከሆነ

ኦዲቱ ጉድለቱ ከዕጣውና ከመጠባበቂያው በላይ መሆኑን ካሳየ፣ ከመፍረስ በፊት ከሌላ ጤናማ ማኅበር ጋር መዋሐድን ለጉባኤው አቅርቡ፤ ብድሩን ለማስመለስ የሚችል ሠራተኛና ቢሮ ያለው ማኅበር ከአጣሪ ይልቅ የተሻለ ሊሰበስብ ይችላል። መፍረስ ከተወሰነ አጣሪ ይሾማል፤ ኮሚቴው የእያንዳንዱን ቆጣቢ ጥያቄ በተባለው ቀነ ገደብ ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስገባ ያግዝ፣ ቁጠባውና ዕጣው ተለያይተው መጻፋቸውንም ያረጋግጥ። በማጣራት ሂደት ዕዳዎች ቀድመው ተከፍለው ለዕጣ ባለመብቶች የሚደርሰው ከተረፈው ነው። አጣሪው የሚሸጠው ንብረት ለኃላፊዎችና ለዘመዶቻቸው በዝቅተኛ ዋጋ እንዳይተላለፍ ሽያጩ በጨረታ መሆኑን ተከታተሉ።

ጊዜያዊ ኮሚቴው ሥራውን ሲጨርስ የመዋጮውን ገቢና ወጪ ለአባላት አቅርቦ ያስጸድቃል፣ የተረፈውን ገንዘብ በመዋጮው መጠን ይመልሳል፣ የፊርማ መዝገቡንና የደብዳቤዎቹን ዋና ቅጂ ለአዲሱ የቁጥጥር ኮሚቴ በርክክብ ሰነድ ያስረክባል። አንድ ሙሉ ኮፒ ግን ከኮሚቴው አባላት በአንዱ ዘንድ፣ የመጨረሻው ቆጣቢ ገንዘቡን እስኪያገኝ ወይም የ10 ዓመቱ የይርጋ ዘመን እስኪያልፍ ድረስ መቀመጥ አለበት።